ሁለት ዲጄ፣ አንድ ነጠላ ዜማ፤ ከከተማው ዳር የሚወጣው የክለብ ሙዚቃ የማን ነው?

የሁለት ዲጄዎች ስም አንድ ላይ የተጻፈበት ነጠላ ዜማ በወጣ ቁጥር ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል። «ዲጄ የሰው ዘፈን አይደል እንዴ የሚያጫውተው? የራሱ ዘፈን ከየት መጣ?» የሚል አለ። «ዘፋኟ ሌላ፣ ግጥሙ የሌላ፤ ታዲያ ሁለቱ ምኑን ሠርተውት ነው ስማቸው ከላይ የተቀመጠው?» የሚልም አይጠፋም። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ከጀርባው የሙያ፣ የገንዘብና የመብት ጉዳይ አለ።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ሙዚቃ በአብዛኛው የሚጫወተው አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ ነው። የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ከተማው ዳር ነው፤ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ አለፍ ሲልም ለገጣፎና ቡራዩ። ኪራይ ትንሽ የሚቀመሰው እዚያ ነዋ። ይህ ርቀት ሙዚቃውንም፣ የሚያስገኘውን ብርም፣ በሠሪዎቹ መካከል ያለውን ስምምነትም ይነካል።

ከማጫወት ወደ መሥራት

ዲጄ ዘፈን መሥራት የጀመረው ትናንት አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ውስጥ ዌርሃውስ የሚባል ክለብ ነበር። ዲጄ ፍራንኪ ነክልስ እዚያ ሲያጫውት የዲስኮ ዘፈኖችን በቴፕ እየቆረጠ ያስረዝማል። ሰው የሚጨፍርበትን ክፍል ያራዝማል፣ የማይጨፍርበትን ያወጣል። «ሃውስ» የሚባለው ስልት ስሙን ያገኘው ከዚያ ክለብ ነው። ጥቂት ቆይቶ ቴክኖ መጣ። መሥራቾቹ ዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳውንደርሰን የተገናኙት ቤልቪል በምትባል ከዲትሮይት ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ተማሪ ቤት ነው።

የከተማ ዳር ነገር በአፍሪካም ይደጋገማል። አማፒያኖ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ የጭፈራ ስልት የወጣው ታውንሺፕ ከሚባሉት የፕሪቶሪያና የጆሃንስበርግ ዳር ሰፈሮች ነው። ሲንጌሊ የሚባለው የዳሬሰላም ፈጣን ሙዚቃም የተወለደው መሃል ከተማ አይደለም፤ የድሃ ሰፈር ልጆች በርካሽ ኮምፒውተር የፈጠሩት ነው። መሣሪያው ላፕቶፕ ሲሆን ስቱዲዮው የግድ መሃል ከተማ መሆን የለበትም።

በእኛም አገር መንገዱ ተጠርጓል። ሮፍናን ኑሪ ከዲጄነት ተነስቶ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ፣ ዲጄ ዜማ ደርሶ፣ አቀናብሮና ዘፍኖ መድረክ ሊሞላ እንደሚችል ብዙ ወጣት አየ። ከእሱ በፊት «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚታወቀው አቀናባሪ የባህል ሙዚቃን ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር የሚያዋህዱ ሥራዎችን ለውጭ አድማጭም አድርሷል። ስለዚህ «ዲጄ የሰው ዘፈን ነው የሚያጫውተው» የሚለው ግማሹን ብቻ የሚያይ ነው። ያው ሰው ማታ ያጫውታል፣ ቀን ያቀናብራል።

ለምን ሁለት ሆነው?

አንዱ ምክንያት ዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የድምፅ ካርድ፣ የስቱዲዮ ስፒከር፣ ሶፍትዌር፣ ተጨማሪ የድምፅ ፕሮግራም፣ ሁሉም ዋጋቸው በዶላር ነው። አንዱ ጥሩ ማይክ አለው፣ ሌላው ጥሩ ኮምፒውተር አለው። ተጋግዘው ይሠራሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ችሎታ ነው። ከበሮና ባስ ላይ እጁ የሰላ ሰው ዜማ ላይ ሊያንሰው ይችላል። ሦስተኛው አድማጭ ነው። የሙዚቃ መተግበሪያዎች ላይ ሁለት ሰዎች በዋና አርቲስትነት ሲመዘገቡ ዘፈኑ በሁለቱም ገጽ ላይ ይወጣል። የአንዱ ተከታይ ሌላውን ያገኛል።

ጊዜም አለ። የዲጄ ዋና ገቢ ሰርግ ነው፤ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ፋታ አይሰጡም። 55ቱ የሁዳዴ ቀናት ግን ለብዙዎቹ ቀዝቃዛ ናቸው። ሁለት ዲጄ ተቀምጦ አንድ ሥራ የሚጨርስበት ወቅት ቢኖር ይህ ነው። ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ ዝግጁ የሆነ ዘፈን በእጅ መያዝ ደግሞ ጥቅሙ ግልጽ ነው።

እምብዛም የማይነገር አንድ ምክንያት ግን አለ፤ ክፍሉ።

ግድግዳውና ባሱ

የኮንዶሚኒየም ክፍል ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሜትር ነው። ደረት ላይ የሚሰማው ጥልቅ ባስ፣ 50 ኸርዝ የሚባለው፣ አንድ ሞገዱ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። ኸርዝ ማለት አንድ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካበት ነው። ግድግዳና ግድግዳው 3.4 ሜትር ያህል የሚራራቅ ክፍል ውስጥ ይህ ድምፅ ወዲያና ወዲህ እየተላተመ አንዱ ቦታ ላይ ይጠፋል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይገዝፋል። መሃል ክፍሉ ላይ ወንበር ያደረገ ሰው ባሱን አይሰማውም። ስለዚህ ይጨምራል። ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት ግን ቤቱ ይናጋበታል፤ አቤቱታውም ኮሚቴው ጋ ይደርሳል። ልጁ ያንን ሥራ ይዞ ክለብ ሲገባ ባሱ ድምፃዊዋንም፣ ክራሩንም፣ ሁሉንም ይውጣል።

ሁለት ዲጄ በሁለት ቤት ሲሠራ ያንኑ ፋይል በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ይሰማል። የአንዱ ክፍል ስህተት የሌላው ክፍል ስህተት አይሆንም። «ባሱ በዝቷል» «ኧረ የለም» እየተባባሉ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ። ውድ የአኮስቲክ ስቱዲዮ ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መብራቱም የራሱ ጣጣ አለው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። የምድር ሽቦው በደንብ ያልተሠራ ቤት ውስጥ ማይክ ሲሰካ ከሥር «እምምም» የሚል ድምፅ ይገባል፤ እሱም የሚገባው ባሱ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይጠፋል።

ፋይል መላላክም ቀላል አይደለም። ሁለቱ የሚለዋወጡት ያለቀውን ዘፈን አይደለም፤ ስቴም የሚባለውን ነው። ስቴም ማለት እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው፦ ከበሮው ለብቻ፣ ባሱ ለብቻ፣ መሰንቆው ለብቻ የተቀመጠበት ፋይል ነው። ጥራቱ ያልተቀነሰ የ5 ደቂቃ ስቴም 80 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። 40 ስቴም ያለው ዘፈን በአንድ ፋይል ሲታሸግ 3 ጊጋባይት ያልፋል። በቴሌግራም ያለ ክፍያ የሚላክ አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም። የዳታ ጥቅሉም አለ፣ የኔትወርኩ መቆራረጥም አለ። ስለዚህ ሃርድ ዲስክ በኪስ ይዞ ከጀሞ የካ አባዶ በታክሲ መሄድ ዛሬም የሥራው አካል ነው።

ጭክጭካና አራት ምት

የክለብ ሙዚቃ መሠረቱ በእኩል ርቀት የሚመታ ከበሮ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሃውስ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ምት ድረስ ይሄዳል። ፍጥነቱ የሚለካው ቢፒኤም በሚባለው፣ በደቂቃ ስንት ምት እንዳለ በሚቆጥረው ነው። የእኛ ጭክጭካ ግን በስድስት ለስምንት የሚሄድ ነው፤ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል። ትከሻ የሚያስመታው ያ ሦስትዮሽ ነው።

ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ሁለት የጭክጭካ ዙር አንድ ባለ አራት ምት መስመር ይሆናል፤ ትልቁ ከበሮ አራቱን ይመታል፣ ትናንሾቹ በሦስት በሦስት ይከፍሉታል። ችግሩ የሚመጣው ዲጄው ይህን ዘፈን ከተለመደ ሃውስ ጋር ሲያገናኝ ነው። ትልቁ ከበሮ ይገጥማል፤ ትናንሾቹ ግን አንዱ በሦስት፣ ሌላው በአራት እየከፈለ ይጋጫሉ። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ለዚህ ሲሉ መግቢያው ላይ ሦስትዮሹን አያስገቡም። ትልቁን ከበሮ ብቻ ለ32 መስመር ይተዉታል። በ124 ቢፒኤም ይህ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ሰው አሰልቺ ሊሆን ይችላል። ዲጄው ግን ያለ እሱ ዘፈኑን ማስገባት ይቸግረዋል።

ቅኝቱም ይፈትናል። ትዝታና ባቲ ላይ የውጭ ኮርድ መደርደር ብዙም አያስቸግርም። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ላይ ግን የተለመደው የኮርድ ቅደም ተከተል ቅኝቱን ያፈርሰዋል። በጆሮ የተቃኘ መሰንቆም በኪቦርድ ከተቃኘ ባስ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። አንዳንዱ መሰንቆውን በሶፍትዌር ወደ ኪቦርዱ ይጎትተዋል። በእኔ እምነት መጎተት ያለበት ባሱ ነው። መሰንቆው ሲስተካከል ጣዕሙ ይሄዳል።

እንግዲህ የማን ነው?

ዋናው ግራ መጋባት ያለው እዚህ ነው፤ ጉዳቱም ያለው እዚህ ነው።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ872/2007 እንደተሻሻለው፣ ነገሩን በንብርብር ያየዋል። ዜማውና ግጥሙ የደራሲው ነው። አዘፋፈኑ የድምፃዊው ነው። የተቀዳው ድምፅ፣ በሙያው ማስተር የሚባለው፣ የአዘጋጁ ነው። የደራሲ የገንዘብ መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሥራው የጋራ ከሆነ 50 ዓመቱ የሚቆጠረው የመጨረሻው ደራሲ ከሞተ ጀምሮ ነው። ጥበቃውን ለማግኘት ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሥራው ወጥ መሆኑና በሆነ ነገር ላይ መቀረጹ ይበቃል። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም።

አሁን ሁለት ዲጄዎችን እንውሰድ፤ «ሀ» እና «ለ» እንበላቸው። ሀ የ8 መስመር ባስና ከበሮ ሠርቶ አመጣ። ለ ያንን አስፍቶ፣ መግቢያ ሰጥቶ፣ መሃሉን ሰብሮ የ6 ደቂቃ ሙዚቃ አደረገው። አንዲት ድምፃዊት ተጠራች። የተጻፈ ዜማ አልነበረም፤ ሙዚቃው እየሄደ እያንጎራጎረች ዜማውን እዚያው ፈጠረችው። የአንድ ቀን ሒሳቧን ተቀብላ ሄደች። ዘፈኑ ሲወጣ ከላይ «ሀ እና ለ» ይላል፤ የእሷ ስም በቅንፍ ነው ወይም ጨርሶ የለም።

በሕጉ ሲታይ ሀ እና ለ የጋራ ሠሪዎች መሆናቸው ብዙ አያከራክርም። ነገር ግን የጋራ ሥራ ተነጥለው ሊሠራባቸው የሚችሉ ክፍሎች ካሉት፣ የእያንዳንዱ ክፍል ባለቤት የፈጠረው ሰው ነው። ስቴም ደግሞ በባሕርይው የሚነጠል ነው። ታዲያ ሀ ያንን ባስ ነጥሎ ከሌላ ዲጄ ጋር ሌላ ዘፈን ቢሠራበት መብቱ ነው? በጽሑፍ ካልተስማሙ ሁለቱም «የኔ ነው» የሚሉበት በቂ ምክንያት አላቸው።

የድምፃዊቷ ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዜማውን የፈጠረችው እሷ ናት። ስለዚህ ድምፃዊት ብቻ አይደለችም፣ የዜማ ደራሲም ናት። የገንዘብ መብትን ማስተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት። የቀን ሒሳብ ተቀበለች ማለት ዜማዋን ሸጠች ማለት አይደለም። ያለ ወረቀት የወጣ ነጠላ ዜማ ላይ ሁለቱ ዲጄዎች የራሳቸው ያልሆነ ነገር እያሰራጩ ነው። ሆን ብሎ የሌላን መብት መጣስ ደግሞ በአዋጁ በእስራት ያስቀጣል።

«ኧረ እኛ ጓደኛሞች ነን፣ ምን ወረቀት አስፈለገ?» የሚለው መልስ ይገባኛል። ወረቀት ማውጣት በእኛ ዘንድ አለመተማመን ይመስላል። ነገር ግን የሚጻፈው ግማሽ ገጽ ነው፤ ማን ምን ሠራ፣ ለማን ስንት በመቶ፣ ስቴሙን ማን የት ሊጠቀምበት ይችላል፣ የማን ስም እንዴት ይጻፋል። ጥሩው ሰዓት ደግሞ ዘፈኑ ገና ምንም ሳያመጣ ነው። ብር ከመጣ በኋላ ሁሉም የሠራው በዝቶ ይታየዋል።

ከድሮ ካሴት የተቆረጠ ድምፅም ሌላው ጣጣ ነው። ሙያው ናሙና ወይም ሳምፕል ይለዋል። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ራሱ በዚህ መንገድ ዓለም ዞሯል፤ ራፐሩ ናስና የሬጌው ዴሚየን ማርሊ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ሥራ ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ናሙና ወስደዋል። ዛሬ ድምፅን ከሙዚቃ የሚለዩ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። ከድሮ ቅጂ ላይ የዘፋኙን ድምፅ ብቻ አውጥቶ ከሥሩ ሃውስ መደርደር የደቂቃዎች ሥራ ሆኗል። ማውጣት ቀለለ ማለት ግን ፈቃድ ቀረ ማለት አይደለም። አንድን ሥራ ማቀናበርና መለወጥ የመፍቀድ መብት የደራሲው፣ ወይም የወራሾቹ ነው። ሁለት ዲጄ አብሮ ሲሠራ ደግሞ አንዱ ያለ ፈቃድ ያስገባው ድምፅ የሌላውንም ሥራ ይዞ ይወድቃል።

ብሩ ከየት ነው?

ከመተግበሪያዎች የሚመጣው ጥቂት ነው። ስፖቲፋይ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ዘፈን የቅጂ ክፍያ አይከፍልም። አንድ ጊዜ ተሰማ ተብሎ የሚቆጠረውም ቢያንስ 30 ሰከንድ ከሄደ ነው። አንድ ደቂቃ ከበሮ ብቻ ያለው መግቢያ ለዚህ አይመችም። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ይሠራል፤ ረጅሙ ለክለብ፣ አጭሩ ለስልክ። በአገር ውስጥ አውታርና ሰዋስው ሙዚቃን በክፍያ የማቅረብ ሙከራ አድርገዋል። ሰው በቴሌብር ለዘፈን መክፈልን እየለመደ ከመጣ፣ ከዶላሩ መንገድ ይልቅ ይህ ለከተማ ዳር ልጅ ይቀርበዋል።

ለጊዜው ግን ነጠላ ዜማው ብር አያመጣም፣ ሥራ ያመጣል። ዘፈን ያለው ዲጄ ለአንድ ማታ የሚጠይቀው ከሌለው ይበልጣል። ገቢው እዚያ ከሆነ ግን ድምፃዊቷ ከዚህ ክፍያ ምንም አይደርሳትም። ዲጄው ድምፅዋን በፍላሽ ይዞ ይሄዳል፣ እሷ አትጠራም። በመቶኛ ስንካፈል የመድረኩንም አብሮ ማየት ይገባል የምለው ለዚህ ነው።

«ማሽን ሙዚቀኛውን ገደለው» የሚለው ክርክር

ነባር ሙዚቀኞች ዘንድ ቅሬታ አለ። ላፕቶፕ ይዞ የመጣ ልጅ የከበሮ መቺውን፣ የጊታሪስቱን፣ የሳክስፎኒስቱን እንጀራ ወሰደ ይላሉ። ቅሬታው መሠረት አለው። ግን በዲጄዎች አልተጀመረም። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የማታ ሙዚቃን አዳከመው። ኪቦርድ ሲገባ የትንፋሽ መሣሪያ ቡድኖች እየሳሱ ሄዱ፣ የሰርግ ባንድ ወደ አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ ወረደ። ዲጄው የመጣው ባንዱ ከሳሳ በኋላ ነው።

በሌላ በኩል «አዲስ ዘመን ነው፣ ሁሉም በላፕቶፕ ይሠራል» የሚሉትም ነገሩን ያቀሉታል። ማሽኑ መሰንቆ መምታት አይችልም፤ የተቀዳ መሰንቆ ይደግማል እንጂ። ጥሩ የሚባሉት ጥምር ሥራዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ በእጁ የሚጫወት ሰው አለ። ያ ሰው ደግሞ ከድምፃዊቷ ጋር አብሮ ከወረቀቱ ውጭ የሚቀር ነው።

አዳራሹ ሲቀርብ

ፒያሳና ካዛንቺስ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ከአዝማሪ ቤቶቹ አጠገብ ያደገ ሰው ዛሬ ማታ ከቦሌ ወደ ቤቱ ለመመለስ የራይድ ዋጋ ያሰላል። በአንጻሩ በዳር ሰፈሮች የሰርግ አዳራሽና ላውንጅ እየተከፈተ ነው። ሸገር ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች በአንድ አስተዳደር ሥር ሆነዋል፤ አድማጩም አማርኛም አፋን ኦሮሞም የሚሰማ ነው። በሁለቱ ቋንቋ የተዘፈነ የክለብ ሙዚቃ ለእነዚህ አዳራሾች ከቦሌው ይልቅ ይመቻል።

ይህ ከቀጠለ ሥራው ራሱ ይለወጣል። አዳራሽ ውስጥ አያትም ልጅም አብረው ነው የሚጨፍሩት። የአንድ ደቂቃ ባዶ ከበሮ የሚታገሥ የለም፤ ሦስትዮሹ ቶሎ መግባት አለበት። ከክለቡና ከስልኩ ቅጂ ሌላ የሰርግ ቅጂ መሥራት ይመጣል። እሱን የሚያጫውቱት ደግሞ ሀ እና ለ ብቻ አይሆኑም፤ የሰፈሩ ዲጄ ሁሉ ነው። የጋራ አስተዳደር ማኅበር ከአዳራሾች ክፍያ ሰብስቦ ለባለመብቶች እንዲያከፋፍል ሕጉ በር ከፍቷል። ያ ክፍያ በመደበኛነት መሰብሰብ ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠየቀው የዜማው ደራሲ ማን እንደሆነ ነው። በኮዬ ፈጬው ክፍል ውስጥ እያንጎራጎረች የፈጠረችው ልጅ ስሟ የትም ካልተጻፈ፣ ድርሻዋ ለሌላ ሰው ይሄዳል።